የድርጅት መረጃ ባክአፕ፦ ከሰሜን ሸዋ ነጋዴዎች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ከተሞች የኮምፒውተር አገልግሎት ስንሰጥ ከጅምላ ነጋዴዎች፣ ከዱቄት ፋብሪካዎች፣ ከክሊኒኮች፣ ከሆቴሎችና ከኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚቀርቡልንን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስበናል። አብዛኞቹ ጥያቄዎች የሚመጡት ኮምፒውተሩ ከተበላሸ በኋላ ነው፤ መልሶቹን የጻፍነው ግን ገና ምንም ላልደረሰባቸው ሰዎች ነው።

ፋይሎቼ ኮምፒውተሩ ውስጥ ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል። ይህ ባክአፕ አይባልም?

አይባልም። የደረሰኝ ጥራዝን ያስቡ። ዋናው ቅጠል ተቀድዶ ለደንበኛው ይሰጣል፣ ግልባጩ ጥራዙ ላይ ይቀራል። ግልባጩ ዋጋ ያለው ዋናው ከሱቁ ስለወጣ ነው፤ ሁለቱም ጥራዙ ላይ እንዳሉ መሳቢያው ውስጥ ውሃ ቢገባ፣ ግልባጭ መኖሩ የሚጠቅመው ነገር የለም። በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ «ሲ» እና «ዲ» ተብለው የሚታዩት ክፍሎች አንድ ሃርድ ዲስክ በሁለት ተከፍሎ የተፈጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ከ«ሲ» ወደ «ዲ» የተገለበጠ ፋይል ዲስኩ ሲሞት አብሮ ይሞታል። ባክአፕ የምንለው ከዋናው መሣሪያ ተለይቶ የተቀመጠ፣ ዋናው ቢጠፋ ሥራውን መልሶ ሊያስቀጥል የሚችል ቅጂን ብቻ ነው።

ምን ምን መቀዳት አለበት?

ከሁሉ በፊት የሒሳብ መዝገቡ ይቀዳል፤ በፒችትሪም ሆነ በሌላ ሶፍትዌር የሚሠራ ቢሆን። ከዚያም የደመወዝ መክፈያ ሰንጠረዡ፣ የንብረት ክፍሉ የገቢና ወጪ መዝገብ፣ የዱቤ ደንበኞች ዝርዝር፣ በስካነር የተነሱ ውሎችና የጉምሩክ ሰነዶች ይከተላሉ። ሰዎች በብዛት የሚዘነጉት ደግሞ በአለቃው ስልክ ላይ ብቻ ያለውን ነው። ብዙ ድርጅት ትዕዛዝ የሚቀበለው በቴሌግራም በመሆኑ፣ ስልኩ መናኸሪያ ላይ ቢሰረቅ የማን ጭነት በየት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አይገኝም።

ፕሮግራሞቹን ራሳቸውን መቅዳት ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ እንደገና ይጫናሉ። ሆኖም መጫኛ ፋይላቸውና የፈቃድ ቁጥራቸው ከባክአፑ ጋር ይቀመጥ። መረጃው ተርፎ፣ የሚከፍተው ፕሮግራም ግን የትኛው ዓመት ስሪት እንደነበረ ስላልታወቀ አንድ ሳምንት ሙሉ ሥራ የቆመበት ድርጅት አይተናል።

በየስንት ቀኑ ነው መገልበጥ ያለብን?

ይህን እኛ ልንወስንልዎ አንችልም፤ ሆኖም እርስዎ የሚወስኑበትን ጥያቄ እንነግርዎታለን። የስንት ቀን ሥራ ቢጠፋ ከወረቀት ደረሰኝ ላይ መልሰው መጻፍ ይችላሉ? በሳምንት አሥር ሽያጭ የሚመዘግብ የግንባታ ዕቃ መደብር ሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ይመልሰዋል፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ጊዜ መገልበጥ ይበቃዋል። በገበያ ቀን ብቻ ከመቶ በላይ ሽያጭ የሚያስተናግድ ጅምላ አከፋፋይ ግን በየቀኑ፣ ምናልባትም በቀን ሁለት ጊዜ መገልበጥ አለበት። ክሊኒክ ከሆኑ ነገሩ ይከብዳል፤ የታካሚን የምርመራ ውጤት ከማንም ትውስታ መልሶ መጻፍ አይቻልምና።

ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ ኮምፒውተሩ ከጠፋ በስንት ሰዓት ውስጥ ወደ ሥራ መመለስ አለብን የሚለው ነው። ለሁለት ቀን በእጅ ጽፈው መቆየት የሚችሉ ከሆነ ርካሽ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ይበቃዎታል። በሁለት ሰዓት ውስጥ መመለስ ካለብዎ ግን ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ ሁለተኛ ኮምፒውተር ያስፈልጋል፤ ወጪው የሚጨምረውም እዚህ ላይ ነው።

«ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ» የሚባለው ደንብ ምንድን ነው?

መረጃው በሦስት ቅጂ ይኑር፣ ቅጂዎቹ በሁለት ዓይነት መሣሪያ ላይ ይቀመጡ፣ አንዱ ደግሞ ከሥራ ቦታው ውጭ ይሁን ማለት ነው። ሦስቱ ሲቆጠሩ ዕለት ዕለት የሚሠሩበት ዋናው ፋይል አንዱ ነው፤ ስለዚህ በተጨማሪ የሚያስፈልጉት ሁለት ብቻ ናቸው። ለአንድ መካከለኛ ሱቅ ይህ ማለት ሁለት ኤክስተርናል ዲስክ ገዝቶ በየሳምንቱ ማፈራረቅ፣ አንዱን ቢሮ ሌላውን ሌላ ቦታ ማስቀመጥ፣ አነስተኛ የሆኑትን ወሳኝ ፋይሎች ደግሞ ክላውድ (በኢንተርኔት የሚገኝ ማከማቻ) ላይ መጫን ነው።

ፍላሽን ለዚህ ሥራ ባንመክር ይሻላል። ፋይል ለማጓጓዝ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይጠፋል፣ በየቤቱ ኮምፒውተር እየተሰካ ቫይረስ ይሰበስባል፣ ኤሌክትሪክ ሳያገኝ ለዓመታት ሲቀመጥም የያዘውን ሊለቅ ይችላል።

ከቢሮ ውጭ የሚቀመጠው ቅጂ የት ይሁን?

በእኛ አካባቢ ይህ ጥያቄ ከሌላው ሁሉ የበለጠ ማሰብን ይጠይቃል። ብዙ ሰው ዲስኩን ከሱቁ ጀርባ ባለው መኖሪያ ቤቱ ያስቀምጣል። ከሌባ ለመጠበቅ ይህ ጥቂት ይረዳል፤ ከእሳት ግን አያድንም። ሌላ ሰፈር ማድረግ ይሻላል፤ ሌላ ከተማ ማድረግ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ይህን የምንለው በምክንያት ነው። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷታል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ላይ ሱቁም ቢሮውም ተቃጥሏል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢትና ደብረ ሲና በደረሰበት ጊዜ፣ ከቤት የወጣው ሰው የያዘው ልጆቹንና በእጁ የገባውን ብቻ ነበር፤ የሱቁን ኮምፒውተር ነቅሎ ለመጫን ጊዜ የነበረው ሰው ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ነገር አንድን ሕንፃ ሳይሆን አንድን ከተማ በሙሉ ስለሚነካ፣ ቅጂው ከከተማው መውጣት አለበት።

በተግባር የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው። የሸዋ ሮቢት ነጋዴ አንዱን ዲስክ ደብረ ብርሃን ወይም አዲስ አበባ ባለ ዘመድ ወይም የንግድ ሸሪክ ዘንድ ያስቀምጣል፤ ለዕቃ ግዢ በወጣ ቁጥር አዲሱን አድርሶ አሮጌውን ይመልሳል። ደብረ ብርሃን ያለውም እንዲሁ ያደርጋል፤ 130 ኪሎ ሜትር ርቆ ያለችው አዲስ አበባ ለዚህ ከበቂ በላይ ትርቃለች።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እናስጠነቅቃለን። አንደኛ፣ በመንገድ የሚሄድ ዲስክ ሊጠፋ ስለሚችል በይለፍ ቃል የተመሰጠረ መሆን አለበት፤ ዊንዶውስ በፕሮፌሽናል ስሪቱ ቢትሎከር የሚባለውን ለዚህ ያቀርባል፣ ቬራክሪፕት የተባለውም ነጻ ነው። ሁለተኛው ጥቂት ሰው የሚያስበው ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ በሚጥልበት ሌሊት ቀዝቃዛ ክፍል ያደረ ዲስክ፣ የጣርማ በርን ቁልቁለት ወርዶ ሸዋ ሮቢት ሙቀት ውስጥ ሲገባ ላዩ ላይም ሆነ ውስጡ ጤዛ ሊይዝ ይችላል። ከብርድ የገባ መነጽር እንደሚያልበው ማለት ነው። ዲስኩ እንደደረሰ ወዲያው አይሰካ፤ ከነማሸጊያው የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ ጥቂት ሰዓት ይቆይ።

ጎግል ድራይቭ ወይም ቴሌግራም አይበቃም?

ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በመጀመሪያ፣ ማመሳሰልና ባክአፕ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጎግል ድራይቭ ከኮምፒውተርዎ ጋር ተመሳስሎ የሚሠራ ከሆነ፣ ሠራተኛው በስህተት ያጠፋው ፋይል ከድራይቩም ይጠፋል፤ ከቅርጫቱ ውስጥ የሚቆየው 30 ቀን ብቻ ነው። ዓመታዊ ሒሳብ ሲዘጋ ብቻ የሚከፈት ፋይል መጥፋቱ የሚታወቀው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከ30 ቀን በኋላ ነው።

ቀጥሎ መስመሩ አለ። 100 ጊጋባይት መረጃ በሴኮንድ 5 ሜጋቢት በሚጭን መስመር ለመላክ፣ መስመሩ ለአፍታ እንኳ ሳይቆራረጥ፣ 44 ሰዓት ከግማሽ ያህል ይፈጃል። ከጠፋብዎት በኋላ መልሶ ለማውረድም ጊዜ ይጠይቃል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ፣ ቅጂያቸው ሁሉ ክላውድ ላይ ብቻ የነበረ ድርጅቶች መረጃቸው እያለ የሌላቸው ሆነው ከርመዋል። ስለዚህ ክላውድ ሦስተኛው ቅጂ ይሁን፤ የመጀመሪያውና ብቸኛው ግን አይሁን። በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ለአብዛኛው ሱቅ የሒሳብ ፋይል ይበቃል፤ ፎቶና ቪዲዮ ካልጨመሩበት።

በመጨረሻም አካውንቱ በማን ስም ነው? በሒሳብ ሠራተኛው የግል ኢሜይል የተከፈተ ከሆነ፣ ሠራተኛው የለቀቀ ቀን መረጃው አብሮ ለቋል። ቴሌግራምም ቢሆን ከአንድ ሰው ስልክ ቁጥር ጋር የተሳሰረ ነው። የታካሚ ወይም የሠራተኛ የግል መረጃ የሚይዝ ድርጅት ደግሞ ወደ ውጭ አገር ሰርቨር (መረጃ የሚያስተናግድ ማዕከላዊ ኮምፒውተር) ከመጫኑ በፊት የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ተመልክቶ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

ቤዛ ጠያቂ ቫይረስ ቢገባብንስ?

ራንሰምዌር የሚባለው ይህ ቫይረስ ፋይሎቹን ይቆልፍና ለመክፈቻው ገንዘብ ይጠይቃል። የሚቆልፈው የኮምፒውተሩን ፋይል ብቻ አይደለም፤ በዚያች ሰዓት የተሰካውን ኤክስተርናል ዲስክና በኔትወርክ የተከፈተውን ፎልደር ሁሉ ይቆልፋል። ስለዚህ ዓመቱን ሙሉ ተሰክቶ የሚኖር የባክአፕ ዲስክ ከዚህ አደጋ አያድንም። ገልብጠው ሲጨርሱ ይንቀሉት።

ለዚህ ከምናውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ የሚገርመን እ.ኤ.አ. በሰኔ 2017 የተከሰተው ነው። ኖትፔትያ የተባለው ጥቃት የዴንማርኩን የመርከብ ድርጅት ሜርስክን ሲመታ፣ የሠራተኞቹን መግቢያ የሚቆጣጠሩት ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ አንድ በአንድ ጠፉ። እርስ በርስ እየተመሳሰሉ የሚሠሩ ስለነበሩ አንዱ ለሌላው ባክአፕ ነው ተብሎ ይታሰብ ነበር። የተረፈው አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ጋና ያለው ነው። የተረፈበትም ምክንያት ጥቃቱ በደረሰበት ሰዓት እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ነው። ድርጅቱ የተነሣው ከዚያች አንድ ቅጂ ነው። መብራት ሲጠፋ የምናማርር ሰዎች ይህን ስንሰማ ፈገግ ማለታችን አይቀርም፤ ዲስክን መንቀል ግን መብራት እስኪጠፋ መጠበቅን አይጠይቅም።

መብራት በሚቆራረጥበት ጊዜ ምን እናድርግ?

ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ ለኮምፒውተሩ ለጥቂት ጊዜ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ያለው መሣሪያ ይግዙ። ፋይል በመገልበጥ ላይ እያለ መብራት ከጠፋ ቅጂው ጎዶሎ ይሆናል፤ ዋናው የሒሳብ ፋይልም በመጻፍ ላይ ከነበረ ሊበላሽ ይችላል። ዩፒኤሱ ሰዓታት እንዲያቆይ አይጠበቅም፤ ሥራውን አስቀምጦ ኮምፒውተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ደቂቃ ከሰጠ ሥራውን ሠርቷል። መብራቱ ሲመለስ ኃይሉ ከፍ ብሎ ሊመጣ ስለሚችል፣ እስኪረጋ ጥቂት ጠብቀው ያብሩ።

የሒሳብ ሶፍትዌሩ ክፍት ሆኖ ፎልደሩን ብንገለብጠውስ?

ተገልብጦ ሊያልቅ ይችላል፤ ሲመለስ ግን ላይከፈት ይችላል። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች መረጃውን በብዙ ተያያዥ ፋይሎች ይይዙታል፤ አንዱ ከሌላው በፊት ከተገለበጠና በመካከሉ ሽያጭ ከተመዘገበ ፋይሎቹ አይገጣጠሙም። በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የባክአፕ ትዕዛዝ ይጠቀሙ፣ ከዚያ በፊትም ሁሉም ተጠቃሚ እንዲወጣ ያድርጉ።

ባክአፑ በትክክል እየሠራ መሆኑን በምን እናውቃለን?

መልሶ በመክፈት ብቻ ነው። ከዚህ ገጽ አንድ ነገር ብቻ ይዘው የሚሄዱ ከሆነ ይህን ይያዙ።

ይህን መልስ የምጽፈው እኔ ራሴ ያጠፋሁትን በማስታወስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ደብረ ብርሃን ውስጥ ለአንድ የእህልና የዘይት ጅምላ መደብር ኮምፒውተር አደራጅቼ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋን ዓርብ ዓርብ ማታ ፋይሉን ወደ ፍላሽ እንድትገለብጥ አሥር ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አሳይቼ ወጣሁ። ከአሥራ አራት ወር በኋላ ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ እያለ ቆመ። ባለቤቱ ምንም አልደነገጠም። ከብረት ካዝናው በፌስታል የተጠቀለለ ፍላሽ አውጥቶ በእጄ አኖረው። ስከፍተው ስልሳ ያህል ፋይል በቀን በቀኑ ተደርድሯል። ደስ አለኝ። ቀረብ ብዬ ሳይ ግን በእያንዳንዱ ምስል የግራ ጥግ ላይ ትንሽ የታጠፈች ቀስት አለች፤ መጠናቸውም ሁለት ሁለት ኪሎባይት ነው። ልጅቷ ዓርብ ሳትዘነጋ የገለበጠችው ዴስክቶፑ ላይ ያለውን ሾርትከት ነበር። ሾርትከት ፋይሉ የት እንዳለ የሚጠቁም ምልክት እንጂ ፋይሉ አይደለም። «ጋሼ፣ አንድም ዓርብ እኮ አላለፈኝም» አለችኝ፤ እውነቷን ነው። ጥፋቱ የእኔ ነበር፤ በአሥራ አራት ወር ውስጥ አንድ ቀን እንኳ ፍላሹን ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰክቼ ከፍቼ ባየው ኖሮ በደቂቃ ይገኝ ነበር። የዓመቱን ሒሳብ ከደረሰኝ ጥራዝ መልሰን ስንጽፍ ሦስት ሳምንት ፈጀብን።

ይህ ያላዋቂ ስህተት ብቻ እንዳይመስልዎ። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ድርጅት እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 አንድ ባለሙያው በስህተት ዋናውን ዳታቤዝ ሲያጠፋ ወደ ባክአፖቹ ዞረ። በየጊዜው ይሠራል የተባለው አንዱ ባክአፕ በሶፍትዌር ስሪት አለመጣጣም ምክንያት ሲከሽፍ ቆይቶ ነበር፤ መክሸፉን የሚያሳውቀው ኢሜይልም ለማንም አልደረሰም። ያዳናቸው አንድ ባለሙያ ለሌላ ሥራ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ያነሣው ቅጂ ነው።

ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ቅጂውን ዋናው ፋይል በሌለበት ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይክፈቱ። የአንድ ደንበኛን ቀሪ ሒሳብ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክሩ፣ የመጨረሻውን የተመዘገበ ሽያጭ ቀን ይመልከቱ፣ የፋይሉን መጠን ካለፈው ወር ጋር ያነጻጽሩ። መዝገብ በጤናው እያደገ ይሄዳል እንጂ አይቀንስም፤ ድንገት ካነሰ አንድ ነገር ጎድሏል።

ማን ይሥራው?

አንድ ሰው በኃላፊነት፣ ሌላ ሰው በተተኪነት ይመደብ፤ ከሥራ ዝርዝራቸውም ላይ ይጻፍ። «ሁላችንም እናደርገዋለን» የተባለበት ቢሮ ውስጥ ሲሠራ አላየንም። የሚገለብጠውና የሚፈትሸው ሰው የተለያዩ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ገንዘብ ያዥና ሒሳብ ሠራተኛ የሚለያዩትም ለዚሁ ነው። የተመሰጠረውን ዲስክ የይለፍ ቃል ወረቀት ላይ ጽፎ በታሸገ ፖስታ ባለቤቱ ዘንድ ማኖር ያስፈልጋል፤ ከዲስኩ ጋር አንድ ቦታ ግን አይቀመጥ። የይለፍ ቃሉ የጠፋበት የተመሰጠረ ዲስክን እኛም ሆንን ሌላ ማንም ልንከፍትልዎ አንችልም።

አሮጌ ቅጂዎችን ለስንት ጊዜ እናቆይ?

የዕለቱን ቅጂ ለሁለት ሳምንት፣ የወሩን ለአንድ ዓመት ማቆየት ለአብዛኛው ድርጅት ይበቃል። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ የሚወሰደው ቅጂ ግን ተለይቶ፣ ምንም ሳይጻፍበት ይቀመጥ። የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ የንግድ ሕጉ ከዚያ የረዘመ ጊዜ ካስቀመጠ ደግሞ ለዚያ ጊዜ እንዲያቆይ ያዛል። የኦዲት ጥያቄ ሲመጣ የሚፈለገው የትናንቱ ሳይሆን የሦስትና የአራት ዓመቱ መዝገብ መሆኑን ያስታውሱ። ዲስኮች ራሳቸው ያረጃሉ፤ ከ3 እስከ 5 ዓመት ያገለገለውን ዲስክ ገና ሲሠራ ወደ አዲስ መገልበጥ ይሻላል።

ፋይሎቹን በየትኛው አቆጣጠር እንሰይም?

ቀላል የሚመስል፣ ግን ብዙ ያወዛገበን ጥያቄ ነው። «05-11-2017» ተብሎ የተሰየመ ፋይል በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 5 ነው፣ በፈረንጆቹ ኅዳር 5 ሊሆን ይችላል፣ በመካከላቸውም ዓመታት አሉ። ኮምፒውተሩ የራሱን ቀን በፈረንጆቹ ይይዛል፤ የድርጅቱ ሒሳብ ግን ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው። እኛ የምናደርገው መጀመሪያ ዓመቱን፣ ቀጥሎ ወሩን፣ መጨረሻ ቀኑን መጻፍና ከኋላው «ዓ.ም.» ብሎ መጨመር ነው፤ ፋይሎቹ በስማቸው ሲደረደሩ በጊዜ ቅደም ተከተላቸው ይሰለፋሉ። ሰዓት የሚጽፉ ከሆነም ከጠዋቱ 3 ሰዓት ይሁን ከሌሊቱ 9፣ ኮምፒውተሩ በሚያሳየው ሳይሆን እርስዎ በሚናገሩት ከጻፉ በሁሉም ፋይል ላይ እንዲሁ ያድርጉ፤ ዲስኩ ላይ በሚለጠፈው ወረቀትም ይህንኑ ይጻፉበት።